የአደራ ውሻዬ ከአልጋ ሥር አልወጣ አለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «በጎ ፈቃደኞች ሐምሌ 22 ቀን ከመንገድ ዳር ቦይ ያወጧትን፣ ዕድሜዋ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የሚሆን ውሻ ቋሚ ቤተሰብ እስኪረከባት ድረስ በአደራ ሰጡኝ። ስሟን ሐምሌ አልናት። ከመጣች አሥር ቀኗ ነው። ከሰርቪስ ቤቱ አሮጌ አልጋ ሥር አትወጣም፤ ሰው ካለ አትበላም፤ ሌሊት ታላዝናለች፣ ጎረቤትም ተማሯል። ትናንት የሰባት ዓመት ልጄ ወደ ምግብ ሳህኗ ሲጠጋ አጉረመረመችበት። አማቴ ቀን ቀን በሰንሰለት እሰሯት፣ ማታ ማታ ልቀቋት፣ ትለምዳለች ይላሉ። ባለቤቴ ትመለስ ባይ ነው። ተረካቢዎቹ ደግሞ ለመስቀል ዋዜማ እንወስዳታለን ብለዋል። እኔ ወድጃታለሁ፤ እሷ ግን የወደደችን አትመስልም።»

ምላሽ፦

አሥር ቀን፣ ሌሊቱን ልቅሶ እያዳመጠ ለሚያነጋ ሰው ብዙ ነው። ለሐምሌ ግን ገና ደጃፉን መርገጧ ነው። ወደ ማቆያ የገቡ ውሾች ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲለካ፣ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ እንደ መብራት አይጠፋም። ውሾችን በአደራ የሚያኖሩ ሰዎች ዘንድ «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚል የልማድ መለኪያ አለ፤ ሦስት ቀን ድንጋጤው እስኪበርድ፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ውሎና አዳር እስክታውቅ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው እስክትል። ሕግ አይደለም። በአራተኛው ቀን ሶፋ ላይ የተዘረጋች ውሻ አይቻለሁ፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ በር ሲከፈት ግድግዳ የምትታከክም አይቻለሁ። ሐምሌን በዚህ መለኪያ ቢያስቀምጧት ዘግይታለች የሚያሰኝ ነገር የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወደ አልጋው ሲጠጉ ምን ያደርጋሉ? እንደምገምተው ጎንበስ ብለው ከሥር ያይዋታል፣ እጅዎን ይዘረጋሉ፣ በስሟ ይጠሯታል። ለእርስዎ ይህ ፍቅር ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ላደገች ውሻ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጋይ እያነሣ ነው። መሞከር ከፈለጉ ነገ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ፊት ከተኙት ውሾች አንዱ ዘንድ ቆም ይበሉና የጫማዎን ማሰሪያ ለማሰር ያጎንብሱ። ድንጋይ ባይኖርም፣ ባይወረውሩም፣ ውሻው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ትምህርት ማንም ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ አላስተማረውም፤ ጎኑ ላይ ያረፈው ድንጋይ አስተማረው። ሐምሌም የተማረችው ከዚያው ነው። እርስዎ በቀን አምስት ጊዜ ሊደባብሷት ባጎነበሱ ቁጥር እሷ በቀን አምስት ጊዜ ድንጋዩን ትጠብቃለች።

ስለዚህ የምክሬ ሁሉ መነሻ ይህ ነው፦ ወደ እሷ መሄዱን ያቁሙ፤ መምጣቱን ለእሷ ይተዉላት። ቀላል ይመስላል፤ እንስሳ የሚወድ ሰው ግን ከሁሉም የሚከብደው ይኼው ነው።

እንዴት እንደሚደረግ በእኔው ላሳይዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳማ ያልኳትን አንዲት ቀይ ቡናማ ውሻ በአደራ ይዤ ነበር፤ የኋላ እግሯ በመኪና ተመትቶ ድኗል፣ ልቧ ግን አልዳነም። ማታ ማታ ከምትደበቅበት ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ፊቴን ወደ እሷ አላዞርም፤ ጎኔን እሰጣታለሁ። ባለቤቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ተውሼ እለቅማለሁ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ሰው የሚያስፈራ አይመስልም፣ ድምፁም ለስለስ ያለና የማይቋረጥ ነው። በመሐል አንድ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ሳላያት ከኋላዋ በኩል እጥላለሁ። ወደ እኔ አልጥልም። ወደ እኔ ከጣልኩ ሥጋውን ለማግኘት ፍርሃቷን መዋጥ አለባት፤ ከኋላዋ ከጣልኩ ግን ሥጋም ርቀትም በአንድ ላይ ታገኛለች። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ምንም ሳልናገር ተነሥቼ እሄዳለሁ። በዘጠነኛው ማታ ሰፌዱን ስነቀንቅ አፍንጫዋ ካልሲዬ ላይ አረፈ፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። አልተንቀሳቀስኩም። አሽትታ ተመለሰች። ያን ዕለት ከዚያ በላይ አልፈለግሁም፤ እጄን ዘርግቼ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙን ማታ በአንድ ጊዜ በበላሁት ነበር።

በዚህ መሐል ሰውነቷን ያንብቡ። እንቅልፍ ሳይመጣባት የምታዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን የምትልስ፣ ራሷን ሳታዞር በዓይኗ ጥግ የምታይዎትና የዓይኗ ነጭ የሚታይ፣ አንድ እግሯን አንሥታ የምትደርቅ ከሆነ «ተጠጋህብኝ» እያለችዎት ነው። ያን ጊዜ ግማሽ እርምጃ ይራቁ። ጎኗን ለቅቃ ከተኛች፣ ትንፋሿ ከረዘመ፣ ወይም ጀርባዋን ሰጥታዎት ካንቀላፋች ትልቅ ነገር አግኝተዋል። አልጋው ሥር መኖሯ ደግሞ አያስጨንቅዎ፤ እንዲያውም ጥሩ አድርገው ይሥሩላት። አሮጌ ብርድ ልብስ ያንጥፉ፣ በአንድ ወገን ጨርቅ ይጋርዱ፣ ውኃ በቅርብ ያኑሩ፤ ማንም ሰው እጁን የማያስገባበት ቦታ ይሁን። ጎትቶ ማውጣት ክልክል ነው፤ ለማጠብም ቢሆን። ስለ ማጠብ ካነሣን፣ ቆሻሻ መሆኗ ለሁለት ሳምንት ማንንም አይጎዳም።

ወደ ልጅዎ ልምጣ፤ ይህን ቸል ማለት አይገባም። ማጉረምረሟ ቤተሰቡን እንዳስደነገጠ ይገባኛል። እኔ በሙያዬ የምፈራት ግን ሳታጉረመርም የምትነክሰዋን ውሻ ነው። ሐምሌ መንከስ ትችል ነበር፤ በአፏ አስጠነቀቀች፣ ልጁም ራቀ፣ ነገሩ አበቃ። አሁን ሰው ተነሥቶ «በልጄ ላይ!» ብሎ ቢመታት የምትማረው ልጁን መውደድን አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው እንደሚያስመታ ትማራለች። ሌላ ቀን ማስጠንቀቂያውን ትዘለዋለች።

ስለዚህ ስትበላ ልጁ በሰርቪሱ በር እንኳ አይለፍ። ይህ ለጊዜው የሚባል አይደለም፤ ቤትዎ እስካለች ድረስ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቃሉን ሰጥቶ ይረሳል፤ ስለዚህ ቃሉን አይመኑ፣ በሩን ይዝጉ። ትልቅ ሰው ግን ሳህኗን በሩቅ ሲያልፍ ከሳህኑ ውስጥ ካለው የተሻለ አንድ ቁራጭ ወርወር አድርጎ ሳይቆም ይለፍ። ከሳምንት በኋላ እግር ሲሰማ ራሷን ቀና አድርጋ «ምን ይመጣልኝ ይሆን» የምትል ከሆነ ርቀቱን በአንድ እርምጃ ይቀንሱ። ሳህኑን ከአፏ ነጥቆ መልሶ መስጠት «ማስለመድ» ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ምሳዎን አስተናጋጁ በየጊዜው እያነሣ ቢመልስልዎ ሆቴሉን ይወዱት እንደሆን ያስቡ። ልጁ እርዳታ ማድረግ ከፈለገ ሌላ ሥራ ይስጡት፦ እርስዎ ባሉበት፣ በሩ ላይ ተቀምጦ የአማርኛ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያንብብላት። እሱ ንባቡን ያቀላጥፋል፣ እሷ ድምፁን ትለምዳለች። ከዕረፍት መልስ መምህሩም ሳያመሰግኑዎት አይቀሩም።

የሌሊቱ ማላዘን። እዚህ ላይ ጎረቤቶችዎ የሚማረሩት ስለ እንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ውሻ ሲያላዝን ክፉ ወሬ ይመጣል የሚል እምነት በብዙ ሰፈር አለና። ሄደው ያነጋግሯቸው። «አደራ ናት፣ ለሁለት ወር ነው፣ ብቻዋን ማደር ፈርታ ነው» ካሏቸው፣ ሟርት የነበረው ልቅሶ ይሆንና ሰው ለልቅሶ ትዕግሥት አለው። ምክንያቱ ግን በእርግጥም ብቸኝነት ነው። መንገድ ላይ ውሻ ብቻዋን አታድርም፤ ከሌሎች ጋር ተጠጋግታ፣ የአንዱ ጀርባ የሌላው ግድግዳ ሆኖ ነው የምታድረው። እርስዎ ደግሞ ከቤቱ በተለየ ሰርቪስ ውስጥ በር ዘግተውባታል። ቤትዎ የየካ ወይም የእንጦጦ ዳርቻ ከሆነ በዚህ ላይ የጅብ ድምፅ ይጨመራል። ለአምስት ስድስት ሌሊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሰርቪሱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ይደር፤ ሳያናግራት፣ ሳይነካት። ውሾች ከማቆያ ወጥተው አንድ ሁለት ሌሊት እንኳ ሰው ቤት ሲያድሩ ኮርቲሶላቸው እንደሚቀንስ ተለክቷል፤ የሰው ትንፋሽ ያለበት ክፍል ለውሻ መድኃኒት ነው። ባለቤትዎ ትመለስ ባይ ስለሆኑ ይህን ሥራ ለእሳቸው ብሰጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ አብሮ ያደረ ሰው ቶሎ ይለዝባል። ግን ጠብ አልፈልግም፤ እርስዎው ይወስኑ።

አማትዎ ያሉት የአገሩ ልማድ ነው፣ እሳቸውም ለክፋት አላሉትም። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ ግቢ ይጠብቃል ተብሎ ስንት ትውልድ ኖሯል። የተፈራ ነገር ሲመጣ ግን ውሻ ሁለት መንገድ አላት፤ መሸሽ ወይም መንከስ። ሰንሰለቱ አንዱን መንገድ ይዘጋዋል። እኔ ጋ በንክሻ ምክንያት ከሚመጡት ውሾች መካከል የታሰሩቱ ብዙ ናቸው፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን መሸሻ አጥተው ነው። አማትዎን በክርክር አይርቱም። ይልቅ የምግቡን ኃላፊነት ይስጧቸው። ሳህኑን አስቀምጠው የሚሄዱት እሳቸው ይሁኑ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፣ የመጀመሪያዋን የጅራት ውዝዋዜ ሲያገኙ ሰንሰለቱን ራሳቸው ይሰቅሉታል። እንዳሻት ትዙር ማለቴ ግን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአደራ ውሻ የምትጠፋው በግቢ በር ነው፤ መኪና ሲገባ በሩ ለግማሽ ደቂቃ ይከፈታል፣ ይበቃታል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሰርቪሱ ይዘጋ፤ ዘበኛ ካለ ይህን በጥብቅ ይወቅ። በአንገቷ ላይ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ቀበቶ ይሁን። ከግቢ ስትወጣ ገመዱ ደረቷን በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ይታሰር፤ የፈራች ውሻ ወደ ኋላ ስትጎትት ከአንገት ቀበቶ ራሷን አሹልካ ትወጣለች።

አሁን ወደ ድስቱ። ፍልሰታ ገብቷል፤ ቤትዎ ጾመኛ ከሆነ ሐምሌ የምታገኘው እንጀራ በሽሮ እንደሚሆን እገምታለሁ። እንጀራው ባዶውን ችግር የለበትም። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያፈርሳል። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በደሟ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ትንሽ ትንሹም በየቀኑ ሲሆን ይደማመራል። በዓል ሲመጣ የዶሮ ወጥ ቅሪት የሚደፋላቸው ውሾች ድካምና የገረጣ ድድ ይዘው የሚመጡት አንዳንዴ በዚሁ ነው፤ የዶሮው አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት የሚወጋው ሳይቆጠር። ስለዚህ የራሷ አንዲት ትንሽ ድስት ትኑራት፤ የቤቱ ዕቃ በጾም ሥጋ እንዳይነካው ለሚጠነቀቁትም ዕረፍት ነው። ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ ጨውም በርበሬም ሳይገባ። ከስታ ከሆነ የመጣችው በአንድ ጊዜ አያጥግቧት፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት የመጣ ብዙ ምግብ ያሳምመዋል፤ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይስጧት።

ከሉካንዳ ለውሻ ተብሎ የሚገዛው ሳምባ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ጥሬውን ግን በፍጹም። በበግና በከብት ሳምባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይተው ያውቁ ይሆናል፤ እሱ የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ዘር እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ስትበላ በአንጀቷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል፣ ከዚያ በሰው እጅ ወደ ሰው አፍ ይገባና ያው ከረጢት በሰው ጉበት ላይ ይበቅላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ሐምሌም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ትዋጥ፤ ልጁ ነክቷት ከመጣ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ወደ ሐኪም መውሰድዎን አልነገሩኝም። ካልወሰዷት በዚህ ሳምንት ይውሰዷት፤ ፍርሃቷን አውቃለሁ፣ በሽፋን የተጋረደ ሣጥን ወይም ቅርጫት ውስጥ ትሂድ። የምንፈልገው ብዙ ነው፦ መዥገርና እሱ የሚያመጣው የደም በሽታ፣ እከክ፣ ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት የውሻ ተላላፊ በሽታዎች። ከመራቢያ አካሏ ደም የሚንጠባጠብ ከሆነ ሁልጊዜ የወር ዑደት አይምሰልዎ። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢ አለ፤ የአበባ ጎመን መስሎ ይበቅላል፣ ያስፈራል፣ ግን ቪንክሪስቲን በተባለ መድኃኒት በየሳምንቱ ለጥቂት ሳምንታት ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ማምከኑን ከተረጋጋች በኋላ ያስቡበት፤ እርጉዝ አለመሆኗን ግን አሁኑኑ ማወቅ ይሻላል፣ የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነውና በአደራ የተቀበሏት አንዲት ውሻ ለእንቁጣጣሽ ሰባት ሆና ሊያገኟት ይችላሉ። ለእከኩም ለመዥገሩም የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ለከብት የሚረጭ ዲያዚኖን አይቀቧት፤ ቆዳዋን ስትልስ ትመረዛለች። የሰው የሕመም ማስታገሻም፣ በተለይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ከእጅዎ ይራቅ።

የእብድ ውሻ በሽታን ለብቻው ላነሣው እወዳለሁ፤ ልጅ ባለበት ቤት በለሆሳስ የሚታለፍ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ያህል በውሻ ንክሻ ነው። ሐምሌን ዛሬ ብናስከትባት ክትባቱ የሚጠብቃት ከዛሬ በኋላ ለሚመጣው ነው፤ ቦይ ውስጥ ከመውደቋ በፊት ተነክሳ ከነበረ ቫይረሱ በሰውነቷ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ይህን የምነግርዎ ላስደነግጥዎ አይደለም፤ ምን እንደሚጠብቁ ለይተው እንዲያውቁ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፈራችና ቀስ በቀስ እየለዘበች የምትሄድ ውሻ በፍርሃት ነው የምትኖረው። ለምዳ ሳለ ድንገት የተለወጠች ግን ሌላ ናት፦ ድምፅዋ የጎረነነ፣ መንጋጋዋ የወረደ፣ ምራቋ የሚዝረከረክ፣ እንጨትና ድንጋይ የምትነክስ፣ እግሯን የምትጎትት። ያን ጊዜ በሩን ዘግተው ይደውሉ እንጂ ውኃ ላጠጣት ብለው አይግቡ።

ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሰዓት ይዘው ይጠቡ፣ 15 ደቂቃ ከሚመስለው ይረዝማል። ያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻዋን አይግደሏት፤ በዝግ ቦታ አሥር ቀን ትታይ። በምራቋ ቫይረሱን የምታስተላልፍ ከነበረች በነዚያ ቀናት ውስጥ ትታመማለች ወይም ትሞታለች፤ ጤነኛ ሆና ካለፈች ያን ዕለት አላስተላለፈችም። የሰውየው ክትባት ግን የአሥሩን ቀን ውጤት አይጠብቅም። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚመለስ የለም ማለት ይቻላል። ወደ መድኃኒት አዋቂ ሄዶ ሥር ሲጠጣ ሳምንት የባከነበትን ሰው ታሪክ ሐኪም ሁሉ አንድ አንድ አለው። ጠበል መጠመቅ የፈለገ ይጠመቅ፤ ከክትባቱ በኋላ።

ለአደራ ወላጅ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ውሻ ክትባት ከግቢው አጥር ያልፋል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው፣ የእኛ ብቻ የሆነው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 በእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ በዲስቴምፐር ክፉኛ የተመታው ከእረኞች ውሾች በመጣ በሽታ ነው። ሐምሌ ባሌ አትሄድም። ነገሩ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ ያልተከተበ ውሻ ባለበት ሁሉ በሽታው መንገድ ያገኛል።

ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የምሰጋልዎት። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። የሰፈር ልጆች ጅራፍ ማጮህ የሚጀምሩት ከዚያ ቀደም ብለው እንደሆነ ያውቃሉ። የጅራፍ ጩኸት ለሰው ጨዋታ ነው፤ ለሐምሌ ግን ከየት እንደመጣ የማይታይ ተኩስ ነው። በዋዜማው ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ደግሞ ዱላ ይዘው በቀጥታ ወደ ግቢ በር ይመጣሉ፣ መሬቱን ይደልቃሉ። ያን ማታ ልጆቹን ከበሩ ውጭ ይቀበሏቸው፤ ሙልሙሉን ይዘው ወጥተው ይጠብቋቸው። እሷ በሰርቪሱ ውስጥ፣ መስኮቱ ተጋርዶ፣ ሬዲዮ በመጠኑ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው አብሯት ይሁን። ስትንቀጠቀጥ አቅፈው አያባብሏት እያሉ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ራሷ መጥታ ከተጠጋችዎት ይቀበሏት፤ ፍርሃት በማባበል አይጨምርም። ካልመጣች ግን አያሳድዷት። የእንቁጣጣሹ ርችትም በዚሁ ይያዝ።

ተረካቢዎቹ ለመስቀል ዋዜማ እንወስዳታለን ማለታቸውን አልወደድኩትም። ደመራ የሚበራበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ በግ የሚታረድበት ማታ አዲስ ቤት መግባት ለሰውም ይከብዳል። ከበዓሉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ይውሰዷት። እስከዚያው ግን ዝም ብለው አይጠብቁ፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ በዚያችው በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ምስሩንም ይልቀሙ። በአራተኛው ጉብኝት ማንነታቸውን ታውቃለች፤ የሚወስዷት እንግዶች መሆናቸው ይቀራል። በዚህ ሳምንት ካስከተቧትም ክትባቱ እስከ መስቀል ሥራውን ይጀምራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል። እንዲያው ግጥምጥሞሽ ሆኖ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28፣ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ዕለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ይውላል። ጉለሌ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን የያዘው በዚሁ ሰው ስም ይጠራ ከነበረው እዚያ ካለው ተቋም ነው።

ስትሄድ ያቺን የአልጋ ሥር ብርድ ልብስ ሳያጥቡ ይስጧቸው፤ ሽታው የእሷ ቤት ነው። የለመደችውን ምግብ ለሳምንት የሚበቃ ያስይዙ። ስሟንም አይለውጡ፣ ወይም ከለወጡ በአንድ ወር ውስጥ አይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንግዳ ቤታቸው አይምጣ፤ ሌላ ውሻ ካላቸው መተዋወቁ ከግቢ ውጭ፣ በገመድ፣ ጎን ለጎን በመራመድ ይጀመር እንጂ አፍንጫ ለአፍንጫ በሩ ላይ አይጋጠሙ። እርስዎም ልቅሶ ይመጣብዎታል፤ ይምጣ፣ ግን ለአንድ ወር ያህል እሷን ለማየት አይሂዱ።

ከክትባት ካርዷ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ጽፈው ያያይዙ። ምን እንደምትበላ፣ ስታጉረመርም ምን ማለቷ እንደሆነ፣ ጅራፍና ርችት እንዴት እንደምታሳልፍ፣ ከልጅ ጋር ሳህን ላይ እንዳትገናኝ። ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ በትልቁ ይጻፉ፦ «ፊት ለፊቷ አያጎንብሱ።»